ከፎቶግራፉ ጀርባ ያለው ስም

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ጨፋ ሮቢት የተደረገ ንግግር ሙሉ ቃል)





 

በእንዲህ ያለ በዓል ላይ ስለ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር አቅርቦት፣ ስለ ማሽላና ማሾ ዋጋ፣ ስለ ትርፍ ክፍፍል መነጋገር የተለመደ ነው። የዚህ ንግግር ርዕስ ግን ፎቶግራፍና ሥዕል ነው። ነገሩ ለአንዳንዱ ሰው ከመንገድ የወጣ ሊመስለው ይችላል። ዛሬ ጠዋት በዚህ አዳራሽ በር ላይ የሆነውን ያየ ሰው ግን ርዕሱ ለምን እንደተመረጠ ይገባዋል።

ለበዓሉ ተብለው በግድግዳው ላይ በተለጠፉት የቆዩ ፎቶግራፎች ዙሪያ ብዙ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ከእነዚህ አንዱ የመጀመሪያዎቹ አባላት ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲመክሩ የሚያሳይ ነው። ከሥሩ የተጻፈው «አርሶ አደሮች በስብሰባ ላይ» የሚል ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ በጣታቸው እያሳዩ «ይሄ እገሌ ነው፤ ያኛው ወንድሙ ነው፤ ይሄኛው ነፍሱን ይማረውና አልፏል» ይባባሉ ነበር። ከወንዶቹ ጎን ሻሿን ግንባሯ ድረስ አስራ የተቀመጠች አንዲት ሴት ዘንድ ሲደርሱ ግን ዝም አሉ። አንዱ «የእገሌ ሚስት ናት» አለ። ሌላው «አይደለችም፤ እሷ ያን ጊዜ እዚህ አልነበረችም» አለ። ክርክሩ ሳይቋጭ ወደ አዳራሹ መግባት ሆነ።

ያቺ ሴት ምናልባት ከሁሉ ቀድማ አክሲዮን የገዛች ትሆናለች። ምናልባትም ማኅበሩ ሊፈርስ ሲል «አይፈርስም» ብላ የተከራከረች ትሆናለች። ፎቶግራፉ መልኳን በደህና ይዟል። ስሟን ግን አልያዘም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶች አነጋገር ለፎቶግራፍም ይሠራል። ታሪኩ ያልተጻፈለት ምስል ውሎ ሲያድር አንድም ይረሳል፣ አንድም ሌላ ሰው የፈለገውን ታሪክ ይለጥፍበታል። የወሎ ሕዝብ ደግሞ ይህን ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል።

በዚህ መንገድ የተመላለሱ ካሜራዎች

በጨፋ ሮቢት መሀል የሚያልፈው ይህ አውራ ጎዳና ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በከሚሴ፣ በደሴና በወልድያ አድርጎ ወደ ኮረምና ወደ መቀሌ የሚወጣው ነው። ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ኢትዮጵያን ለዓለም ካሳዩት ምስሎች እጅግ የታወቁት ይህን መንገድ ተከትለው የተነሡ ናቸው።

በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረሃብ በጸናበት ጊዜ ከቆላውም ከደጋውም የተሰደደው ሕዝብ በዚህ መንገድ ዳር ባሉት ከተሞች ተሰብስቦ ነበር። መንግሥት ነገሩ እንዲወራ አልፈለገም። በዚያ ዓመት ከአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ተጉዘው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ፤ ፎቶግራፎቹም በዩኒቨርሲቲው ግቢ ለሕዝብ ታዩ። ተማሪዎቹ ያዩትን ማመን አቅቷቸው ለተቃውሞ ተነሡ። ረሃቡን በምስል ለመጀመሪያ ጊዜ ካጋለጡት መካከል የገዛ አገራቸው ሰዎች እንደነበሩ ብዙ ጊዜ አይነገርም።

ከዚያ በኋላ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ከነባልደረቦቹ ወሎ መጥቶ «ያልታወቀው ረሃብ» የሚል ፊልም ሠራ። ፊልሙ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ሕዝቡ ተደናግጦ ብዙ የእርዳታ ገንዘብ አዋጣ። የፊልሙ የመጀመሪያ ታሪክ ይህ ነው፤ የተራበ ሰው እንዲረዳ የተሠራ ምስል ነበር።

ዓመት ሳይሞላ ግን ያው ፊልም ሌላ ሥራ ተሰጠው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በእንቁጣጣሽ ምሽት ደርግ ፊልሙን በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ። በረሃብተኞቹ ምስል መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣ እየተቆረጠ ገብቶበት ነበር። በማግስቱ መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ፊልሙ ውስጥ የታዩት የወሎ ገበሬዎች ያው ናቸው፤ ፊታቸውም ያው ነው። ምስላቸው በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ለእርዳታ ማሰባሰቢያ፣ አንድ ጊዜ ለሥልጣን ለውጥ ሲውል ግን «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ብሎ የጠየቃቸው የለም።

ከሁሉ የሚገርመው ከአሥር ዓመት በኋላ የሆነው ነው። ረሃቡን አደባባይ አውጥቶ ያሳየው ያው ደርግ በ1977 ዓ.ም. መግቢያ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር በዚሁ በወሎ የተነሣውን ሌላ ረሃብ በበኩሉ ደበቀ። ምስል በራሱ እውነት አይናገርም። የሚናገረው የያዘው ሰው እንዲናገር የፈቀደለትን ነው።

ኮረም በ1977 ዓ.ም.

በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው ኮረም በጥቅምት ወር 1977 ዓ.ም. መሐመድ አሚን የተባለ የኬንያ ተወላጅ የካሜራ ባለሙያ ከእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ ጋር ደረሰ። ያነሡት ጥቅምት 13 ቀን በቢቢሲ ታየ፤ ከዚያም በዓለም ዙሪያ ከ400 በላይ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተቀባበሉት። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላዴልፊያ በአንድ ቀን የተካሄደው «ላይቭ ኤይድ» የተባለው የሙዚቃ ዝግጅት የዚህ ምስል ውጤት ነበር። ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። በኮረም፣ በባቲና በሌሎች መጠለያዎች በዚያ እህል ነፍሱ የተረፈ ሰው ዛሬም በሕይወት አለ፤ ልጅ ወልዶ፣ የልጅ ልጅ አይቷል። ስለዚህ ምስሎቹ ባይነሡ ይሻል ነበር የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል።

መሐመድ አሚን ለሥራው የከፈለውም ቀላል አይደለም። ግንቦት 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ለማንሣት ሄዶ ግራ እጁን አጣ፤ የድምፅ ባለሙያው በዚያው ሞተ። አሚን በሰው ሠራሽ እጅ ካሜራውን ይዞ ወደ ሥራው ተመለሰ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ተጠልፎ በኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አለፈ።

የካሜራ ባለሙያው ስም ታወቀ። የጋዜጠኛው ስም ታወቀ። የዘፋኞቹ ስም ከዚያ በፊትም የታወቀ ነበር። በምስሉ ላይ የታዩት ሰዎች ግን አብዛኞቹ ያለ ስም ቀሩ። ለዓለም «የኢትዮጵያ ረሃብተኛ» ሆኑ። ከመካከላቸው ማን ጎበዝ አራሽ እንደነበረ፣ ማን ስንት ጥማድ በሬ እንደነበረው፣ ማን የአገር ሽማግሌ እንደነበረ የተጻፈ ነገር የለም። ድርቅ ሳይመጣ እነዚያ ሰዎች ገበሬዎች ነበሩ፤ ጎተራቸውን ሞልተው፣ እንግዳ አብልተው የኖሩ ነበሩ። ያ በምስሉ ውስጥ አልገባም።

ስማቸው ከታወቀው ጥቂቶች አንዷ ብርሃን ወልዱ ናት። በዚያው በ1977 ዓ.ም. የካናዳ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ብራያን ስቱዋርት ከነባልደረቦቹ መቀሌ ላይ በሞት አፋፍ ያለች ሕፃን አነሣ። ነርሷ ሕፃኗ ከሩብ ሰዓት በላይ እንደማትቆይ ተናግራ ነበር። የሕፃኗ ፊት በላይቭ ኤይድ ዕለት በታላቁ መጋረጃ ላይ ታየ፤ ዓለም የሞተች መሰለው። ሕፃኗ ግን አልሞተችም። ጋዜጠኛው ቆይቶ ፈልጎ አገኛት፤ ትምህርቷንም ረዳ። በ1997 ዓ.ም. መጨረሻ (እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2005) ለንደን ላይ በተደረገው ሌላ ዝግጅት መድረክ ላይ በእግሯ ቆማ ለሕዝብ ሰላምታ ሰጠች። የተማረችው ደግሞ ምን መሰላችሁ? ግብርና ነው።

የመጀመሪያው ምስል ያለዚህ ታሪክ ቢቀር ኖሮ የአንዲት ሕፃን ሞት ሆኖ ይኖር ነበር። ታሪኩ ሲጨመርበት የአንዲት የግብርና ባለሙያ ልጅነት ሆነ። ልዩነቱን ያመጣው ተመልሶ «ይህች ልጅ ማን ናት? የት ደረሰች?» ብሎ የጠየቀ ሰው መኖሩ ነው።

በሌላ አገር የሆነውም ተመሳሳይ ነው

ይህ ዕጣ የኢትዮጵያ ገበሬ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1936 የአተር ማሳ ውርጭ መታው። አተር ለቀማ የመጡ የቀን ሠራተኞች ሥራ አጥተው በድንኳን ተቀምጠው ሳለ ዶሮቲያ ላንግ የተባለች ለመንግሥት የምትሠራ ፎቶግራፍ አንሺ በዚያ አለፈች። አንዲት እናት ልጆቿን አቅፋ ስታስብ ጥቂት ፎቶግራፎች አንሥታ ሄደች። ስሟን አልጠየቀቻትም። ፎቶግራፉ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ መንግሥት ወደ ሰፈሩ 90 ኩንታል ገደማ ምግብ ላከ። እህሉ ሲደርስ ግን ያቺ እናት ልጆቿን ይዛ ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ ቦታ ሄዳ ነበር።

ፎቶግራፉ «ተንከራታቿ እናት» ተብሎ በዓለም የታወቀ ሆነ። የሴትዮዋ ስም ፍሎረንስ ቶምሰን መሆኑ የታወቀው ከ42 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ባይነሣኝ ይሻል ነበር፣ ከዚህ ፎቶግራፍ አንድ ሳንቲም አላገኘሁም ስትል ምሬቷን ገለጸች። ፎቶግራፍ አንሺዋ ስለዚያ ቀን በጻፈችው ላይ ሴትዮዋ ምግብ ለመግዛት የመኪናዋን ጎማ ሸጣ እንደነበር ተናግራለች። ቤተሰቡ ግን ይህ እንዳልሆነ አስረዳ። ፎቶግራፍ አንሺዋ ውሸታም ነበረች ማለት አይደለም፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይታ፣ ስም ሳትጠይቅ ሄዳ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ በትዝታ ጻፈች። የምስል ታሪክ ካነሣው ሰው ብቻ ሳይሆን ከተነሣው ሰውም አፍ መሰማት ያለበት ለዚህ ነው።

የራስን ታሪክ በራስ እጅ

ኢትዮጵያውያን ሠዓሊዎችና ፎቶግራፍ አንሺዎች በበኩላቸው ዝም ብለው አልተቀመጡም። ከዚህ ብዙም በማይርቀው በአንኮበር በ1925 ዓ.ም. የተወለደው አፈወርቅ ተክሌ ወደ እንግሊዝ አገር የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር። ልቡ ግን ወደ ሥዕል አዘነበለና ሠዓሊ ሆኖ ተመለሰ። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር ገደማ በሚሸፍኑት ሦስት የመስታወት ሥዕሎቹ የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ የነፃነት ትግሏንና የወደፊት ተስፋዋን አሳየ። ለማ ጉያ ከአየር ኃይል ወጥቶ በቢሾፍቱ ሲሠራ ብዙ ሥዕሎቹን የሣለው በፍየል ቆዳ ላይ ነው። ለእናንተ ለአርቢዎች ይህ ሊነገራችሁ የሚገባ ነው፤ ገበያ ላይ በርካሽ የምትሸጡት ቆዳ በአንድ ሰው እጅ የአገር ቅርስ ሆኗል።

ሚካኤል ጸጋዬ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል የተማረ ሰው ነው። የዘይት ቀለም ለሰውነቱ አልስማማ ስላለው ብሩሹን አስቀምጦ ካሜራ አነሣ። አይዳ ሙሉነህ ደግሞ በውጭ አገር አድጋና ተምራ ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ በ2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2010) አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ ዝግጅት በአዲስ አበባ ጀመረች። ዓላማዋ የአፍሪካን ምስል አፍሪካውያን ራሳቸው እንዲያነሡትና እንዲተርኩት ነው።

የአይዳ አንዱ ሥራ በተለይ ለዚህ አካባቢ ሴቶች ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ንጹሕ ውሃ ችግር ፎቶግራፍ እንድትሠራ አንድ ዓለም አቀፍ የውሃ ግብረ ሰናይ ድርጅት ጠየቃት። የተለመደው አሠራር ጉሮሮዋ የደረቀ እናትና የተራቆተ ልጅ ማንሣት ነበር። እሷ ግን ወደ አፋር፣ ወደ ዳሎል ሄዳ በዚያ ምድር ላይ ደማቅ ቀይና ሰማያዊ ልብስ የለበሱ ሴቶችን የውሃ ዕቃ አስይዛ አቆመች። ፎቶግራፉን የሚያይ ሰው ሴቲቱ ውሃ ለመቅዳት የምትሄደውን መንገድ ርዝመት ያያል፤ ግን አያዝንላትም፤ ያከብራታል። ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ የቆላ መንገድ የተጓዘች ሴት በዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙ አለች። ሸክሙን ከነክብሯ ማሳየት እንደሚቻል ይህ ሥራ ምስክር ነው።

ባለሙያ ያልሆነ ሰውስ? ለዚህም ምሳሌ አለ። በአዲስ አበባ ጥቂት ወጣቶች ቤተሰቦች በአልበማቸው ያስቀመጧቸውን የቆዩ ፎቶግራፎች ከነታሪካቸው መሰብሰብ ጀመሩ። ሰዎች የሠርጋቸውን፣ የትምህርት ቤታቸውን፣ የሰፈራቸውን ፎቶ ይዘው እየመጡ «ይህ የተነሣው በዚህ ዓመት፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ምክንያት ነው» ብለው ተናገሩ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2018 «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። ከተሜው ለአልበሙ ያደረገውን ገበሬው ለማኅበሩ ፎቶግራፍ የማያደርግበት ምክንያት የለም።

በአረንጓዴው ደብተር ላይ ያለው ጉርድ ፎቶ

ፎቶግራፍ የቅንጦት ነገር ነው የሚል ሰው ካለ ቤቱ ሄዶ ሳጥኑን ይክፈት። በክልሉ የገጠር መሬት ምዝገባ ከተጀመረ ወዲህ ለባለይዞታዎች በተሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም ከጉርድ ፎቶግራፋቸው ጋር ጎን ለጎን ሰፍሯል። ያቺ አውራ ጣት የምታህል ፎቶግራፍ በዚህ አዳራሽ ካለው ትልቅ ፎቶ ሁሉ ትበልጣለች። ባል ሲሞት ወይም ትዳር ሲፈርስ «መሬቱ የኔም ነው» ለምትል ሴት ምስክሯ እሷ ናት። የዋለችበት ቦታ፣ የተጻፈው ስም፣ የተመታው ማኅተምና ቀኑ አንድ ላይ ስለሆኑ ማንም ሌላ ታሪክ ሊለጥፍባት አይችልም።

ያው የሴትዮዋ ፊት አንድ መንገደኛ ሰንበቴ ወይም ባቲ ገበያ ላይ አንሥቶት ቢሄድና «የገበያ ሴት» ብሎ ቢጽፍበትስ? መልኩ አንድ ነው። በአንዱ ላይ ባለ መሬት ናት፤ በሌላው ላይ ማንም ናት። ልዩነቱ ከፎቶግራፉ ጀርባ ያለው ጽሑፍ ነው።

የስም አልባ ምስል ጉዳት በመናቅ ብቻ አይቆምም። በቅርብ ዓመታት አገሪቱ በግጭት ውስጥ በነበረችበት ጊዜ ከሌላ አገርና ከሌላ ዘመን የተወሰዱ ምስሎች «ትናንት እዚህ የሆነ ነው» እየተባሉ በስልክ ሲዞሩ ብዙ ሰው ተመልክቷል። በአንድ ገበያ የሚገበያይ፣ በአንድ ጨፋ ከብት የሚያሰማራ ጎረቤት በማያውቀው ምስል ምክንያት በጎረቤቱ ላይ ልቡን ሊያከፋ ይችላል። «ይህ የት ነው? መቼ ነው? ማን አነሣው?» ብሎ መጠየቅ የለመደ ሕዝብ በቀላሉ አይታለልም።

ሕጉ ምን ይላል?

ገበሬው በገዛ ምስሉ ላይ መብት እንዳለው ብዙ ሰው አያውቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለሕዝብ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ተከታዩ አንቀጽ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፤ ለምሳሌ ሰውየው በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ከሆነ ወይም ምስሉ ለፍርድና ለፖሊስ ሥራ ካስፈለገ። በሌላ በኩል ፎቶግራፍ አንሺውም በሥራው ላይ መብት አለው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይህን ደንግጓል። የአንዱ መብት የሌላውን አያጠፋውም። ያነሣው ባለ ሥራ ነው፤ የተነሣው ባለ ፊት ነው።

ከዚህ አንጻር ሰብል ስትሰበስቡ መኪና አቁሞ ካሜራ የሚያወጣ እንግዳ ሲመጣ መቆጣትም መሸሽም አያስፈልግም። «ለምንድነው? የት ይወጣል? ስሜን ጻፍ፤ ሲታተም አንድ ላክልን» ማለት ይቻላል። ይህ ልመና አይደለም፤ መብት ነው።

ዩኒየኑ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ከላይ የተባለው ሁሉ ወደ ሥራ ካልተለወጠ የበዓል ወሬ ሆኖ ይቀራል። ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ አምስት ነገሮች ለአባላቱ ውይይት ይቀርባሉ።

አንደኛ፣ በዩኒየኑና በመሠረታዊ ማኅበራቱ ቢሮዎች ያሉ የቆዩ ፎቶግራፎች ሁሉ ይሰብሰቡ። በእያንዳንዱ ጀርባ በለስላሳ እርሳስ የሰዎቹ ስም፣ ቀበሌው፣ ቀኑ፣ ምን ሲደረግ እንደነበረና ያነሣው ሰው ስም ይጻፍ። እስክርቢቶ ቀለሙ ወደ ፊት ስለሚያልፍ ፎቶውን ያበላሻል።

ሁለተኛ፣ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ይጠየቁ። ወንዶቹ ብቻ ሳይሆኑ ሴቶቹም ይጠየቁ፤ የሴቶችን ስም የሚያውቁት ብዙውን ጊዜ ሴቶች ናቸውና። ከልጆቻችሁ ማንበብና መጻፍ የሚችሉት ጸሐፊ ይሁኑ።

ሦስተኛ፣ ዛሬ በየወጣቱ ኪስ ካሜራ አለ። ስልኩ ሲሰበር ወይም ሲሰረቅ ግን ፎቶግራፉም አብሮ ይሄዳል። ለማኅበሩ የሚጠቅሙት በየዓመቱ ተመርጠው ይታተሙ፤ በኮምፒውተርም ከሁለት ቦታ ላይ ይቀመጡ።

አራተኛ፣ ከእንግዲህ በመጽሔቱም ሆነ በግድግዳ ላይ ከፎቶግራፍ ሥር «አርሶ አደሮች በስብሰባ ላይ» ተብሎ አይጻፍ። ስም ይጻፍ። ባለሥልጣን ሲነሣ ስሙ ከነማዕረጉ የሚጻፍ ከሆነ በሚዛኑ ላይ ኩንታል የጫነው አባል ስሙ የማይጻፍበት ምክንያት ሊኖር አይገባም።

አምስተኛ፣ የሰው ፊት በማስታወቂያ ወይም በምርት ማሸጊያ ላይ ከመውጣቱ በፊት የባለቤቱ ፈቃድ በጽሑፍ ይያዝ። ማኅበሩ በራሱ አባል ላይ የማይፈጽመውን ከሌላው መጠየቅ የሚችለው ያን ጊዜ ነው።

የተከበራችሁ አባላት፣

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እየተባለ በኅብረት ሥራ ማኅበራት ስብሰባ ሁሉ ይነገራል። ድሩ ግን እያንዳንዱ ክር ተቆጥሮ ነው ድር የሚሆነው። ማኅበር ማለት በመዝገብ ላይ ስሙ የሰፈረ፣ አክሲዮን የከፈለ፣ አንድ ድምፅ ያለው ሰው ስብስብ ነው። በመዝገቡ ላይ ስም ያለው ሰው በፎቶግራፉ ላይም ስም ሊኖረው ይገባል።

የዛሬ ሃምሳ ዓመት በዚህ መንገድ ያለፉት ካሜራዎች የወሎን ገበሬ ያዩት በጨነቀው ቀን ነበር። የዛሬው በዓል የሚያሳየው ግን ሌላ ቀን ነው፤ ጎተራ የሞላበት፣ ሚዛን የተስተካከለበት፣ ገበሬው በምርቱ ላይ ዋጋ የሚናገርበት ቀን ነው። ይህን ቀን ሌላ ሰው መጥቶ እስኪጽፈው መጠበቅ አያስፈልግም።

ስብሰባው ሲያበቃ ከምሳ በፊት ከበሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ እርሳስና ወረቀት ተዘጋጅቷል። ዛፍ ሥር ያለው ፎቶግራፍም ከግድግዳው ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። እናቶች በተለይ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ሻሿን ግንባሯ ድረስ ያሰረችውን ሴት የሚያውቃት ካለ ስሟን ይጻፍላት።